ለማኅሌት አሳጥሮ መናገርን ሳስተምር

ከማስተማር ሥራ በጡረታ የተሰናበትሁት ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ ርእሰ መምህሩ ጥሩ ንግግር አደረገልኝ፣ የጡረታ ወረቀቴ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከረመና አለቀ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ያነበበውን አሳጥሮ እንዲናገር ስለማስተማር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያስተማርሁት ይመስለኝ ነበር። ምን እንደሆነ በእርግጥ የገባኝ ግን ከተሰናበትሁ በኋላ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ደምበጫ ነበር። ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ይዤ ነው የደረስሁት። በአማርኛ ክፍል የበላዬ የነበሩት ጋሽ ይርዳው የሚባሉ አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዝናብም በፀሐይም ቡኒ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው። ለአዲስ መምህር ብዙ ምክር አይሰጡም። «ኋላ ተቀምጠሽ እዪ» ብለው ክፍላቸው አስገቡኝ።

ያየሁት ይህን ነው። ምንባቡ ከመነበቡ በፊት አንዱን ተማሪ ጠመኔ እንዲያመጣ ወደ ውጭ ይልኩታል። ሌሎቹ በጸጥታ ያነባሉ። የተላከው ሲመለስ አንዷን ያስነሡና ባርኔጣቸውን አውልቀው በተከፈተው መጽሐፏ ላይ ይደፉበታል። «በይ፣ ላላነበበው ንገሪው» ይላሉ። ልጅቱ ገጹን ማየት አትችልም፤ ፊት ለፊቷ ጠመኔ የያዘ፣ ስለ ምንባቡ ምንም የማያውቅ ጓደኛዋ ቆሟል። ስትንዛዛበት ዓይኑ ወደ መስኮት ይሄዳል። ፍሬ ነገሩን ስትዘልበት ግንባሩን ይቋጥራል። ፊቱን እያየች ታስተካክላለች። ጋሽ ይርዳው በመካከል አይገቡም። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ ምን ተውሽ፣ ለምንስ ተውሽው። ማርክ የሚሰጡት ለዚህ መልስ ነበር።

ቀይ እስክርቢቶም አይዙም ነበር። እርማታቸው በእርሳስ፣ ከዳር፣ በትንሹ ነው። አንድ የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት አብረን ስንወጣ ያ ጠመኔ መላክ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ፈረስና አህያ የሚነዱ ገበሬዎች መንገዱን ሞልተውት ወደየቤታቸው ይመለሱ ነበር። ወደ እነሱ እያመለከቱ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት ሲገቡ ገበያው እንዴት ዋለ ተብለው ይጠየቃሉ፣ ያዩትን ሁሉ የሚዘረዝር አንድም የለም፣ የሚናገሩት ቤት የዋለው ሰው ማወቅ የሚፈልገውን ነው አሉኝ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ፣ «ሰሚ ከሌለ ማሳጠር የለም፤ መቁረጥ ብቻ ነው ያለው» አሉ።

ያኔ ይህን የአንድ አዛውንት ጠባይ አድርጌ ነው የወሰድሁት። እኔ የምፈልገው ሕግ ነበር።

ሕጉን ያገኘሁት ጉንደ ወይን ነው። እዚያ የነበረው ርእሰ መምህር ትጉህ፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ በር ላይ የሚቆም፣ የተማሪዎቹ ውጤት እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ነበር። አሳጥሮ የመጻፍ ሕግ ብሎ በወረቀት አባዝቶ ሰጠን። የየአንቀጹ መነሻ ዐረፍተ ነገር ይወሰድ፣ ምሳሌው ይቅር፣ የተጻፈው ከዋናው አንድ ሦስተኛ አይብለጥ ይላል። ለማረም የሚመች ነገር ነበር። መስመር ቆጥሬ ማርክ እሰጣለሁ፣ ተማሪዎቼም ያልፋሉ። ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወርሁ በኋላ ግን ፈተናው ሁሉ ምርጫ ማጥቆር ሆነና፣ አሳጥሮ መጻፍ ከመማሪያ መጽሐፉ ሳይጠፋ ከክፍሉ ጠፋ። ወንበር በማይበቃው ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ልጅ ጽሑፍ ለማየት ጊዜም አልነበረም። ጡረታዬ የደረሰው እንዲህ እያለ ነው።

በዚያ ዓመት በዙሪያችን ባሉ ወረዳዎች ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። በዚህ መካከል የሺ የምትባል ሴት ከልጇ ከማኅሌት ጋር ከዲማ መጥታ ግቢዬ ውስጥ ያለውን አንድ ክፍል ተከራየች። የሺ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንሷ ስለተጨናገፈባት ሐኪም ከሆስፒታል እንዳትርቅ ነግሯታል። ባሏ መሪጌታ ኅሩይ ዲማ ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውን በትነው መምጣት ስላልቻሉ መንገድ ሲከፈት ብቻ ብቅ ይሉ ነበር።

ማኅሌት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አምስተኛ ክፍልን እንደጀመረች ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። ከተማ ውስጥ ለመመዝገብ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛውን የሚጽፈው ሰው ደግሞ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የሺ አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ ልጅቱ የተማረችውን እንዳትረሳ ትንሽ ባስጠናት ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። እሺ አልኋት። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ፊቴን ወደ ቤት አዞርሁ፤ ሥራ ፈትቼ መዋል ከጀመርሁ ወዲህ ቀኑ ረዝሞብኝ ነበር።

በረንዳዬ ላይ ጠረጴዛ አወጣንና ጀመርን። ከመደርደሪያዬ ከአሮጌዎቹ መጻሕፍት አንዱን አወረድሁ። ምንባቡ አቶ አያሌው ስለሚባል ገበሬ ነው። ማሳው ተዳፋት ላይ ስለሆነ በየክረምቱ አፈሩ ይታጠብበታል። ድንጋይ ለቅሞ ካብ ሲሠራ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል። በኋላ ዝናቡ ሲመጣ የእሱ አፈር ይቀራል፣ የእነሱ ይሄዳል፤ ከዚያም መጥተው ያግዙታል። ማኅሌት ጥርት ባለ ድምፅ አንድ ጊዜ አነበበችው። መጽሐፉን ዘግቼ ምን ይላል አልኋት። ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ፣ አንድም ሳታጎድል፣ በቃሏ አለችልኝ።

ዳዊት በቃሏ ልትጨርስ የተቃረበች ልጅ ነበረች። አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ አሠልጥነዋታል።

«ጎበዝ» አልኋት። «አሁን ደግሞ አሳጥረሽ ንገሪኝ።»

ጥቂት አሰበች። ከዚያ ያንኑ ከመጀመሪያው ጀምራ በፍጥነት ደገመችው።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ የጉንደ ወይኑን ሕግ አመጣሁ። በአምስት መስመር ጻፊ ስላት የምንባቡን የመጀመሪያ አምስት መስመሮች ጻፈች። የየአንቀጹን መነሻ ዐረፍተ ነገር ውሰጂ ስላት የአቶ አያሌውን መንደር፣ የበሬዎቹን መልክና ክረምት መግባቱን ጻፈች፤ ካቡ የትም የለም። እንደ ለመድሁት በቀይ ሰረዝሁበት። ቀዩን መስመር እያየች ቆየች።

«ውሸት ነው?» አለችኝ።

«ውሸት አይደለም፤ አያስፈልግም እንጂ።»

«በመጽሐፉ አለ እኮ። ታዲያ ለምን ሰረዙት?»

የሰጠኋት መልስ አልጣማትም፤ እኔንም አልጣመኝም። በማግስቱ ሌላ ዘዴ ሞከርሁ። መጀመሪያ ምን ሆነ፣ ቀጥሎስ፣ በመጨረሻስ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ አልኋት። ይህን ወደደችው፤ ምንም አይጠፋባትምና። ጽሑፏም በጥቂቱ አጠረ። እየገፋን ነው ብዬ አሰብሁ።

ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ተከፍቶ መሪጌታ መጡ። ዝምተኛ፣ አነጋገራቸው የተመዘነ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ስናጠና ከበረንዳው ዳር ተቀምጠው ሲያዳምጡ ዋሉ። ማኅሌት ወደ እናቷ ስትሄድ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«መምህርት፣ ቅር አይበልዎትና» አሉ። «እኛ ዘንድ አንዲት ቃል የዘለለ ተማሪ ገደፈ ይባላል፤ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይላታል። ይህችን ልጅ ሳትገድፍ እንድትይዝ አድርጌ ነው ያሳደግኋት። አሁን መግደፍን ትምህርት ብለው ሲሰጧት ሰማሁ።»

ያ ጸሎት ነው፣ ይህ የአፈር ነገር ነው፣ ለየቅል ናቸው አልኋቸው። እሳቸው ለእርስዎና ለእኔ ለየቅል ነው፣ ልጅ ግን እንዴት ትለየዋለች አሉኝ። ተከባብረን ተለያየን፤ ነገሩ ግን እንዳለ ቀረ። ማኅሌት ከበሩ ኋላ ቆማ ሰምታን እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትጽፍ እጇ ይከብዳት ጀመር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ የሺን ምጥ ያዛት። ማኅሌት ጠራችኝ፤ ባጃጅ ፈልገን ሆስፒታል አደረስናት። ብዙ ደም ስለፈሰሳት አስደንግጦን ነበር። ሐኪሞቹ ተረባረቡና እኩለ ቀን ሳይሆን ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው ተባልን። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ መለየት ስላልፈለግሁ፣ በዚያን ቀን ስልክ ይሠራ ነበርና፣ ስልኬን ለማኅሌት ሰጥቼ ለአባቷ ደውላ እንድትነግራቸው አዘዝኋት። በመስኮት አየኋት፤ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆማ፣ እንደ ትልቅ ሰው አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታወራ ነበር።

ስትመለስ ነገርሻቸው ወይ አልኋት። ሁሉን እንደነገረቻቸው፣ ግን መጨረሻ ላይ እንደተቋረጠ ነገረችኝ። ደግሜ ብሞክር መስመሩ ጠፍቷል። መናገሩንስ ተናግራለች ብዬ ተውሁት። ስልኩ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልተመለሰም።

የሺ ከሆስፒታል ወጥታ ትንሽ በረታች። አንድ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፋ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ስትሞቅ እኔ ገንፎዋን ይዤ እየወጣሁ ነበር። የግቢው በር ተከፈተ። መጀመሪያ የገባው ወንድሟ ነው፤ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ እህቴን እያለ ያለቅስ ነበር። ከኋላው መሪጌታ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለመኪና መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ግማሹን በበቅሎ፣ የቀረውን በእግራቸው ነው የመጡት። ጫማቸው ተቀዷል።

ወንድሟ ጩኸቱን ከመካከሉ አቋረጠው። የሺ ሕፃኑን እንደያዘች ቆመች። መሪጌታ የበሩን እንጨት ያዙ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«የሺ» አሉ።

«አቤት» አለች።

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሄዳ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው።

ነገሩን ኋላ ከወንድሟ ሰማን። የሺ ሞታለች ብለው ዲማ ላይ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ድንኳን ተጥሎ አገሩ ሁሉ መጥቶ አልቅሷል። የየሺ እናት፣ አሮጊቷ፣ መርዶውን ሲሰሙ ወድቀው ከአልጋ ውለዋል። ወንድሟ እግሩን እንኳ ሳያሳርፍ የምሥራቹን ይዞ በዚያው ቀን ተመለሰ። ቆይተን እንደሰማነው፣ አሮጊቷ ልጃቸው በሕይወት መኖሯን ሲሰሙ ተነሥተዋል፤ ነገር ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያለ ደጋፊ መሄድም አልሆነላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ማኅሌትን ብቻዋን አስቀምጬ፣ ለአባቷ የነገረቻቸውን ለእኔም እንድትነግረኝ ለመንኋት። እንዳለ፣ ቃል በቃል ደገመችልኝ፤

«አባባ፣ ማኅሌት ነኝ። ዛሬ ማለዳ እማዬን አመማት። ቲቸርን ጠራኋቸው። ባጃጅ ፈለግን። ባጃጁ የቆመው ሩቅ ነበር። እማዬ መቀመጥ አቃታት። ሆስፒታል ስንደርስ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሐኪሞቹ ሮጠው መጡ። እኔን ከክፍሉ አስወጡኝ። ከዚያ እማዬ…»

እዚህ ላይ አቆመች። «ከዚህ በኋላ አባባ ሃሎ፣ ሃሎ አሉ» አለችኝ። እሷ ግን መስማቱ እንጂ መናገሩ የተቋረጠ ስላልመሰላት እስከ መጨረሻው ቀጥላ ነበር። የልጁ መወለድም፣ የእናቷ ደኅና መሆንም ለማንም አልደረሰም።

ስሕተት የሠራችው የለም። መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ ያልኋትን ጠብቃ ነው የተናገረችው። በሥራ ዘመኔ ፈተና የወደቁብኝ፣ ትምህርት ያቋረጡብኝ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለእነዚያ ሁሉ ሌላ ሰበብ ይገኛል። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የገዛ ትምህርቴን ያየሁበት ውድቀት ግን ይህ ብቻ ነው።

ማኅሌት ከዚያ በኋላ ስለ ማንኛውም ንባብ መናገር አቆመች። ታነባለች፤ ምን ይላል ስትባል አላውቅም ትላለች። አጎቷ ስለ አያቷ የተናገረውን ሰምታለች። የቃል ትምህርቷንም ለአባቷ አልደግም አለች።

መሪጌታ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ እኛ ጋ ቆዩ። አንድ ጠዋት እግራቸውን በጨው ውኃ ዘፍዝፈው ተቀምጠው ሳለ፣ ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የእኔ መሆኑን እንዲነግሯት ለመንኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሁለታችን ነው» አሉ። «እርስዎ ቅደም ተከተል ጠብቂ አሏት፣ እኔ አትግደፊ አልኋት። ልጅቱ ሁለታችንንም ታዘዘች።»

ከዚያ ስለ ሥራቸው ጠየቅኋቸው። ጉባኤ ቃና የሚሏት ትንሿ ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ በሁለት ቤት እንዴት ይበቃል አልኋቸው። የሚበቃው የሚተወውን ስለሚያውቁ ነው አሉኝ። ጀማሪ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት የራሱን ሲያዘጋጅ፣ የሚያስቸግረው ቃል ማግኘት አይደለም፣ ያገኘውን መጣል ነው። አንዳንዱ አንዲት ያማረች ቃል አልጥልም ብሎ ሙሉ ቀን ያለቅሳል። ይህን ለማኅሌት ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅሁ። ለቅኔ ገና አልደረሰችም አሉ። እግራቸውን ከውኃው አውጥተው፣ ደርሳለች መሰለኝ አሉና ጠሯት።

ምን ምን እንዳሏት ሁሉን አልሰማሁም። ማኅሌት በመጨረሻ የጠየቀቻቸውን ግን ሰምቻለሁ።

«የምተወው ነገር የት ይሄዳል?»

መጽሐፉን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥተው የአቶ አያሌውን ገጽ ገለጡ። «እዚህ ነው ያለው» አሏት። «ማንም አልወሰደው። የፈለገ ሰው መጥቶ ያነበዋል። አንቺ የምትነግሪው ለማይችለው ነው፤ ወይም ጊዜ ለሌለው።»

ልጅቱ ጣቷን በገጹ ላይ አስቀምጣ ቆየች።

እኔም ያን ጊዜ ነው ወደ ጋሽ ይርዳው የተመለስሁት። ጠመኔ የሚላክ ተማሪ አልነበረኝም፤ ግን የሺ ነበረች። ማንበብ አትችልም፣ ሕፃን ይዛለች፣ ጊዜም የላትም። ከዚህ የተሻለ ሰሚ አይገኝም። ማኅሌት በረንዳው ላይ ታነባለች፤ መጽሐፉን እዚያው ትታ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ ሕፃኑ እስኪነቃ ድረስ ትነግራታለች። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። የመጀመሪያው ቀን በአቶ አያሌው ጀመርን። እንደ ልማዷ ከመንደሩ ተነሥታ በሬዎቹ ላይ ስትደርስ የሺ አቋረጠቻት።

«ልጄ፣ የበሬው መልክ ምን ያደርግልኛል? አፈሩ ቀረ ወይስ ሄደ?»

«ቀረ» አለች ማኅሌት።

«እንዴት ቀረ?»

«ካብ ሠራ።»

«በቃ፣ ገባኝ» አለች የሺ፣ ዳይፐሩን እያጠፈች። «የአባቴም ማሳ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ።»

ወራት ሙሉ ለምኜ ያጣሁትን እናቷ በሁለት ጥያቄ አወጣችው። ማኅሌትም ይህን አየች፤ ወደ እኔ ዞራ ስታየኝ ፊቷ ላይ ለቅሶኞቹ ከመጡበት ቀን ወዲህ ያላየሁት ደስታ ነበር። ያንኑ ታሪክ በማግስቱ ለአባቷ እንድትነግር አደረግሁ። እሳቸው ደግሞ የሚሹት ስለ ጎረቤቶቹ ነበር፤ የሳቁበት ሰዎች ኋላ ምን አሉ ብለው ያዟት። ስለዚህ ለእሳቸው የነገረቻቸው ሌላ ሆነ፤ ሳቅ፣ ጸጸት፣ መተጋገዝ። የትኛው ነው ትክክሉ ብላ ተጨነቀች። ሁለቱም ነው አልናት። ቀኑን ሙሉ ስታስበው ዋለች።

ስልክ እንደተመለሰ ወደ አያቷ ደወለች። አጠገቧ ነበርሁ። «አያቴ፣ ማኅሌት ነኝ፣ ሁላችንም ደኅና ነን» አለች በመጀመሪያ። ከዚያ ትንፋሽ ወስዳ ሌላውን ቀጠለች።

መንገዱ ሲከፈት መሪጌታ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ክረምቱን ማኅሌትና እኔ ሠራን። ዝናቡ የበረንዳዬን ቆርቆሮ ሲመታ መደማመጥ ስለማይቻል፣ ጋብ ሲል ያነበበችውን ቶሎ ትነግረናለች፤ ሲመለስ ዝም ብለን እንጠብቃለን። መጻፍ የፈቀድሁላት ከተናገረች በኋላ ብቻ ነው፤ በእርሳስ። ቀዩን እስክርቢቶ ከቤቱ አወጣሁት። በመጨረሻ ምን እንደተወችና ለምን እንደተወችው እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ ስለረዘመብኝ ትል ነበር። ኋላ እማዬን ስለማይጠቅማት ማለት ጀመረች። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን፣ «ይኼኛው ሰውየው ደግ መሆኑን ነው የሚናገረው፤ ቢቀር የአፈሩ ነገር አይለወጥም» አለችኝ። ጋሽ ይርዳው ቢሰሟት ሙሉ ማርክ ይሰጧት ነበር።

መስከረም ላይ በአቅራቢያችን ያለ ትምህርት ቤት መሸኛ የሌላቸውን ልጆች በፈተና እየመደበ እንደሚቀበል ተሰማ። የሺ፣ ሕፃኑና እኔ ይዘናት ሄድን። ሕፃኑ ስላለቀሰ የሺ ከግቢው ቀረች፤ እኔ እስከ ክፍሉ በር ተከተልኋት። ፈታኙ እኔ የማላውቀው ወጣት መምህር ነበር። የሰጣት ምንባብ ሙሉ ገጽ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ማር ስለመመናመኑ ይናገራል። አንብባ አሳጥራ እንድትጽፍ ነገራት። አነበበች፣ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ ጥቂት አሰበችና አራት መስመር ጽፋ ሰጠችው። ገበሬዎች አበባ በሚያብብበት ወቅት በቀን ፀረ ተባይ ስለሚረጩ ንቦቹ አልቀው ማሩ እንደመነመነ፣ ማታ ንቦች ሲገቡ ለመርጨት እንደተስማሙ ጽፋለች።

መምህሩ አጭር ነው አለ። ሌላው ምሳሌ ነው አለችው። ምንባቡንና ጽሑፏን እያስተያየ ሁለቱንም አነበበ።

«ጥሩ ነው» አላት። «ግን ገበሬዎቹ ለምን ነው የሚረጩት? አንቺ ስትነግሪኝ ክፉ ሰዎች መሰሉኝ።»

ይህች ልጅ አንድ ነገር አጎደልሽ ስትባል ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ልናገርላት አፌን ልከፍት ስል ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች። ገጹን ገልብጣ አነበበች።

«እውነት ነው» አለች። እርሳሷን አንሥታ ከሁለተኛው መስመር በላይ በትንንሽ ፊደል «ሰብላቸውን ተባይ ስለጨረሰባቸው» ብላ ጨመረችና መልሳ ሰጠችው። ከአራቱ መስመሮች ይልቅ ያቺ የተጨመረችው ግማሽ መስመር አስደሰተችኝ፤ የጎደለ ነገር ተመልሶ ሊገባ እንደሚችል አውቃ ነው የጻፈቻት።

መምህሩ ስሟን ስድስተኛ ክፍል ላይ አሰፈረ። ክፍሉ የት እንደሆነ ጠየቀችው፤ በጣቱ አሳያት፤ ዛሬውኑ መግባት ትችያለሽ አላት። ደብተሯን አቅፋ በአጠገቤ ስታልፍ ፈገግ አለችልኝና ሄደች።

ወደ ግቢው ስወጣ የሺ ሕፃኑን እያባበለች ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። የምነግራት ብዙ ነበረኝ፤ ስለ ማሩ፣ ስለ ወጣቱ መምህር፣ ከላይ ስለተጨመረችው ግማሽ መስመር። ከሩቅ አይታኝ ቆመች።

«እትዬ፣ ምን ሆነች?»

«አለፈች» አልኋት።

ሌላውን በመንገድ ላይ ነገርኋት።